የብረት ቆቡ ይመስክር፦ የጦርነት ቅርስን እውነተኛነት ፊዚክስ እንዴት ይመረምራል?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ባለው፣ ጭጋግ በማይለየው አፋፍ ላይ ይቆማል። ወደ 600 ሜትር የሚጠጋውን ዋሻ አልፎ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ሲወርድ ብርዱ በሙቀት፣ ገብሱ በማሽላና በማሾ ይተካል። ጥቂት ተጉዞም ከፍታዋ 1,300 ሜትር ገደማ የሆነችውን ሸዋ ሮቢትን ያገኛል። የይፋት ቆላ ይህ ነው።

ይህ ጎዳና የጦርነት ጎዳናም ነበር። የፋሽስት ኢጣልያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻግሮ ኢትዮጵያን ከወረረ በኋላ፣ ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ያንቀሳቀሰውና ከ1,700 በላይ ተሽከርካሪዎች የነበሩበት ሰልፍ በሚያዝያ ወር በዚሁ አቅጣጫ አለፈ። ኢትዮጵያውያን ጣርማ በር ላይ መንገዱን አፍርሰው ጉዞውን አዘገዩት እንጂ ሊያስቀሩት አልቻሉም፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተያዘች። ከዚያ በኋላ በነበሩት አምስት ዓመታት ራስ አበበ አረጋይን የመሳሰሉ የሸዋ አርበኞች ከወራሪው ጋር ሲዋጉ ኖሩ። አርበኛው ውጅግራውን፣ ምንሽሩንና ቤልጅጉን ይዞ ዘመተ፤ ከጠላት የማረከውንም ጠመንጃ፣ ጥይትና ትጥቅ መልሶ ታጠቀበት።

ያንን ዘመን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ዛሬ እጅግ ጥቂት ናቸው። የሚቀሩልን ምስክሮች ጽሑፎችና ቁሳቁሶች ናቸው፤ ከቁሳቁሱም መካከል ቀለህ፣ ሳንጃ፣ ኮዳና የብረት ቆብ ይገኛሉ። እንግዲህ አንድ ሰው የብረት ቆብ ይዞ መጥቶ «ይህ በይፋት የወደቀ የኢጣልያ ወታደር ቆብ ነው» ቢለን፣ እውነቱን በምን እናውቃለን? ጥያቄው የታሪክ ይመስላል። መልሱ ግን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መማሪያ መጽሐፍ ይጀምራል።

የሐሰት አራት መልኮች

በዓለም የቅርስ ሰብሳቢዎች ገበያ በብዛት ከሚፈለጉት፣ በዚያው ልክም በብዛት አስመስለው ከሚሠሩት ዕቃዎች አንዱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ወታደሮች ያደረጉት የብረት ቆብ ነው። በዚህ ምክንያት የቆብ ምርመራ ጥበብ በአብዛኛው የዳበረው በጀርመን ቆቦች ላይ ነው። ከእነዚህ ቆቦች የምንማረው ሁሉ ለኢጣልያውም ቆብ ስለሚያገለግል ከዚያ እንነሣ።

የጀርመን ቆብ ሦስት ዋና ዋና ዓይነቶች ነበሩት። እ.ኤ.አ. የ1935 ሞዴል በሁለቱ ጎኖቹ ባሉት የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች ላይ ለብቻው የተሠራ ትንሽ ቀለበት ተሰክቶበታል። በ1940 ሞዴል ቀለበቱ ቀርቶ የቀዳዳው ጠርዝ ከራሱ ከላሜራው በፕሬስ ወጣ። በ1942 ሞዴል ደግሞ ሥራውን ለማፋጠን ሲባል የቆቡ ከንፈር ወደ ውስጥ መታጠፉ ቀረ። ፋብሪካዎቹም የስማቸውን ምልክትና የቆቡን መጠን በውስጠኛው ገጽ ላይ በብረት ማኅተም ይመቱ ነበር። ለምሳሌ በታሌ ከተማ የነበረው ፋብሪካ ምልክቱ «ኢ» እና «ቲ» የተባሉት ፊደላት ነበሩ።

ይህን ሁሉ ገዢው የሚያውቀውን ያህል አስመሳዩም ያውቀዋል። ስለዚህ ሐሰት በአራት መልክ ይመጣል። የመጀመሪያው ከሥሩ አዲስ ሆኖ የተሠራ ቆብ ነው። ሁለተኛው የሌላ አገር ቆብ ነው፤ የሀንጋሪና የስፔን ጦር ከጀርመኑ ጋር በጣም የሚመሳሰል ቆብ ነበራቸውና እነዚህን አለዋውጦ መሸጥ የተለመደ ነው። ሦስተኛው ብረቱ እውነተኛ ሆኖ ቀለሙ፣ ዓርማው ወይም የውስጥ ገበሩ አዲስ የሆነ ቆብ ነው። አራተኛውና ከሁሉም የሚከፋው፣ ዕቃው ሁለንተናው እውነተኛ ሆኖ ከጎኑ የሚነገረው ታሪክ ሐሰት የሆነበት ነው።

በእኛ አገር የሚያሳስቡን በተለይ ሦስተኛውና አራተኛው ናቸው። እ.ኤ.አ. የ1933 ሞዴል የሚባለው የኢጣልያ የብረት ቆብ በጎንና በጎን እንዲሁም ከኋላ በሚገኙት ሦስት ቀዳዳዎቹ ይታወቃል። ይህ ቆብ ከጦርነቱ በኋላም ለብዙ አሥርት ዓመታት በኢጣልያ ጦር ውስጥ አገልግሏል። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራ ወይም እንደገና የተቀባ ቆብ ከአርበኞች ዘመን ቆብ ጋር በቅርጹ አንድ ነው ማለት ይቻላል። በተጨማሪም በኢትዮጵያ ከዘመቱት የኢጣልያ ወታደሮች መካከል ብዙዎቹ የሚታዩት የብረቱን ሳይሆን የቡሽ ባርኔጣ አድርገው ነው። ዓይን ብቻውን እዚህ ላይ ዳኛ ሊሆን አይችልም።

ከአርኪሜዲስ እንጀምር

የመጀመሪያው ምርመራ ሚዛን፣ ባልዲና ውኃ ይበቃዋል። የአረብ ብረት እፍግታ በአንድ ሜትር ኩብ 7,850 ኪሎ ግራም፣ ማለትም በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ 7.85 ግራም ነው። የአሉሚኒየም 2.7 ብቻ ነው። ገበሩ የወጣለትን ቆብ በአየር ውስጥ፣ ቀጥሎም ውኃ ውስጥ አጥልቀን ብንመዝነው፣ የሁለቱ ልዩነት ቆቡ የገፋውን ውኃ ክብደት ይሰጠናል። ከዚህም ይዘቱንና እፍግታውን እናገኛለን። ነገር ግን የተቀባ፣ የዛገ ወይም ገበር ያለው ቆብ ውኃ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እንመጣበታለን።

ውኃ ሳንነካም ብዙ ማወቅ እንችላለን። የቆቡ ብረት ብቻውን 1 ኪሎ ግራም ይመዝናል እንበል። 1,000 ግራም ለ7.85 ሲካፈል ይዘቱ 127 ሴንቲ ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። ቆቡን ሬዲየሱ 13 ሴንቲ ሜትር የሆነ የሉል ግማሽ አድርገን ብንወስደው የገጹ ስፋት 1,060 ሴንቲ ሜትር ካሬ ገደማ ነው። ይዘቱን ለስፋቱ ስናካፍል አማካይ ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር ሆኖ እናገኘዋለን። የጀርመኑ ቆብ ላሜራ ውፍረትም በዚሁ አካባቢ ነው። በዚህ ስሌት ከግማሽ ሚሊ ሜትር ላሜራ የተሠራ የጌጥ ቆብ ወዲያውኑ ይጋለጣል።

ይሁንና አማካይ ውፍረት ብዙ ይደብቃል። እውነተኛው የጦር ቆብ የሚሠራው ጠፍጣፋ ላሜራ በከባድ ፕሬስ በደረጃ እየተገፋ ነው። ላሜራው ሲጎድጎድ በአንዳንድ ቦታ ይሳሳል፣ በሌላ ቦታ ይወፍራል። የዚህ ልዩነት ካርታ የፋብሪካውን አሠራር ይዞ ይቀራል። ይህን ለመለካት ቆቡን መቁረጥ አያስፈልግም፤ የአልትራሳውንድ ውፍረት መለኪያ ይበቃል። መሣሪያው ድምፅ ወደ ብረቱ ይልካል፣ ድምፁም ከወዲያኛው ገጽ ነጥሮ ይመለሳል። ድምፅ በአረብ ብረት ውስጥ በሴኮንድ 5,900 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ 1.1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ብረት ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ ከአንድ ሚሊዮንኛ ሴኮንድ አራት አሥረኛው እንኳ አይሞላም። ተማሪዎች ቁጥሩን ራሳቸው አስልተው ያረጋግጡ።

ማኅተሙም በተመሳሳይ መንገድ ይመረመራል። በመዶሻ ወይም በፕሬስ የተመታ ምልክት ብረቱን አይቆርጠውም፤ ይገፋዋል። በመሆኑም በዙሪያው ያለው ብረት ትንሽ ከፍ ይላል። በዘመናዊ መቅረጫ የተፋቀ ፊደል ግን ብረቱን ስለሚያነሣው በአጉሊ መነጽር ሲታይ ጥርት ያለ ቦይ ይመስላል። የጥይት ቀዳዳም እንዲሁ ነው። የኢጣልያ 6.5 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ጥይት 10.5 ግራም ገደማ መዝኖ በሴኮንድ 700 ሜትር ገደማ ሲበርር 2,570 ጁል ያህል ኢነርጂ ይሸከማል። እንዲህ ያለው ጥይት ላሜራውን ሲበሳ ጠርዙን ወደ ሄደበት አቅጣጫ ይቀለብሰዋል፤ ከልባሱም የብረታ ብረት ርዝራዥ ሊተው ይችላል። በመሰርሰሪያ የተበሳ ቀዳዳ ይህን ታሪክ ሊናገር አይችልም።

የሞዝሊ ሕግ

ሁለተኛው ምርመራ ወደ አቶም ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1913 ሄንሪ ሞዝሊ የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ የፊዚክስ ሊቅ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ የሆነ የኤክስሬይ «ድምፅ» እንዳለው፣ ይህም ከአቶሙ ቁጥር ጋር ቀላል ዝምድና እንዳለው አሳየ። ከአቶሙ ቁጥር 1 ቀንሰን፣ የቀረውን በራሱ አባዝተን፣ ውጤቱን በ10.2 ስናባዛ የኤክስሬዩን ኢነርጂ በኤሌክትሮን ቮልት እናገኛለን። ብረት ቁጥሩ 26 ነው፤ 25 በ25 በ10.2 ሲባዛ 6,375 ይሆናል፤ በመለኪያ የሚገኘው 6,400 ገደማ ነው። ቲታኒየም ቁጥሩ 22 ሲሆን 4,500 ገደማ ይሰጣል። በዚህ ሕግ ላይ የተመሠረተው የኤክስሬይ ፍሎረሰንስ መሣሪያ ዛሬ በእጅ የሚያዝ ሆኗል፤ በማዕድን ፍለጋ ሥራም በሰፊው ያገለግላል።

ሞዝሊ ራሱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘምቶ፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1915 በጋሊፖሊ ራሱን በጥይት ተመትቶ በ27 ዓመቱ ሞተ። የእንግሊዝ ወታደሮች ያን ጊዜ ገና የብረት ቆብ አልተሰጣቸውም ነበር። ዛሬ የብረት ቆብን ምሥጢር የምንገልጥበት ሕግ ቆብ ያልነበረው ሰው ሕግ ነው።

መሣሪያው ምን ይነግረናል? የጀርመን ፋብሪካዎች በመጀመሪያ ሞሊብዲነም ያለበትን አረብ ብረት ይጠቀሙ ነበር። ጦርነቱ እየገፋ ሲሄድ ወደ ማንጋኒዝና ሲሊከን ቅይጥ ዞሩ። ቅይጡ ከቆቡ ሞዴልና ከማኅተሙ ጋር ካልተስማማ ጥርጣሬ ይነሣል። ሆኖም አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይህ ኤክስሬይ ብዙ አይጠልቅም፤ የሚያየው የላይኛውን ስስ ሽፋን ነው። በቀለም ላይ ቢያርፍ የሚነግረን ስለ ቀለሙ እንጂ ስለ ብረቱ አይሆንም። መለኪያውን ያልተረዳ ለካሁ ቢልም አልለካም።

ቀለምና ዝገት

ለቀለምም ቢሆን የራሱ ቀጠሮ አለው። ነጭ ቀለም የሚሰጠው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ገደማ ጀምሮ ለገበያ ቀርቧል፤ ነገር ግን በመጀመሪያ የቀረበው አናቴዝ በሚባለው የክሪስታል መልኩ ነበር። ሩታይል የሚባለው መልኩ በቀለም ፋብሪካዎች የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ወዲህ ነው። ሁለቱም ቲታኒየምና ኦክሲጅን ስለሆኑ የሞዝሊ መሣሪያ አይለያቸውም። የራማን ስፔክትሮስኮፒ ግን የሌዘር ብርሃን ልኮ የክሪስታሉን ንዝረት ስለሚያዳምጥ በቀላሉ ይለያቸዋል። በ1928 ዓ.ም. ተቀባ በተባለ ቆብ ላይ ሩታይል ከተገኘ፣ ቆቡ ከዚያ በኋላ ተቀብቷል ማለት ነው። በጀርመን ቆቦች ላይ የሚለጠፈው ዓርማም ተመሳሳይ ፈተና አለው፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ በጥቃቅን ባለ ቀለም ነጠብጣቦች የተሞላ ከሆነ የዘመናዊ ማተሚያ ውጤት ነው።

ወደ ዝገት እንለፍ፤ የይፋት መልክዓ ምድር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ብረት የሚዝገው ውኃና ኦክሲጅን ሲያገኝ ነው። ጣርማ በር ላይ በጭጋግ ውስጥ የኖረ ብረትና በሸዋ ሮቢት ደረቅ ሜዳ ላይ የኖረ ብረት እኩል ዘመን ቢቆዩም እኩል አይዝጉም። በሮቢና በጀውሃ ወንዞች ዳር፣ ጎርፍ ባመጣው ደለል ውስጥ የተቀበረው ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ዝገት ይኖረዋል። ተፈጥሯዊ ዝገት በንብርብር ያድጋል፤ ከሥሩ ጠቆር ያለ ማግኔታይት፣ ከላዩ ቡናማና ብርቱካናማ ጎታይትና ሌፒዶክሮሳይት ይገኛሉ። በከንፈሩ እጥፋት ውስጥና በሪቬቶቹ ሥር ይጠልቃል።

አስመሳዩ ይህን ሁሉ ዘመን የሚጠብቅበት ትዕግሥት የለውም። ጨው ያለበት ውኃ ወይም ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይረጭበትና በጥቂት ቀናት ውስጥ «ሰማንያ ዓመት» ያስቆጥረዋል። እንዲህ ባለው ዝገት ውስጥ ክሎሪን ስለሚበዛ አካጋናይት የተባለ ማዕድን ይፈጠራል፤ ይህም በኤክስሬይ ዲፍራክሽን ወይም በራማን ይታወቃል። ይሁን እንጂ አካጋናይት የተገኘበት ቆብ ሁሉ ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም። ቆቡ የተቀበረበት አፈር ጨዋማ ከነበረ ተፈጥሮም ይህንኑ ትሠራለች። ታዲያ ሁለቱን የሚለየው ምንድን ነው? ቆቡ የወጣበት አፈር ነው። ከቆቡ ጋር አንድ እፍኝ አፈር ከመጣልን ጥያቄው ይፈታል፤ ካልመጣልን ላቦራቶሪው ሁሉ ቢሰለፍም አይፈታም።

ክርና ቆዳ

በቆቡ ውስጥ ያለው ገበር ከብረቱ የተሻለ ሰዓት ነው። ብዙ ዘመናዊ ክሮች፣ ጨርቆችና ወረቀቶች ነጭነታቸውን የሚያደምቅ ኬሚካል አለባቸው። ይህ ኬሚካል በዓይን የማይታየውን የአልትራቫዮሌት ብርሃን ተቀብሎ ሰማያዊ ብርሃን ይመልሳል። በሰፊው ሥራ ላይ የዋለው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስለሆነ፣ የአገጭ ማሰሪያው ስፌት በጨለማ ክፍል ውስጥ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ደምቆ ቢታይ ክሩ አዲስ ሊሆን ይችላል። «ሊሆን ይችላል» ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። አሮጌ ጨርቅ በዘመናዊ የልብስ ሳሙና አንድ ጊዜ ከታጠበ እርሱም ያበራል። ቅርሱን ለማክበር ብላ ያጠበችው እናት ሳታውቀው ሐሰተኛ አስመስላዋለች።

ከዚህ የጠለቀው ሰዓት በቆዳው ውስጥ ያለው ካርቦን-14 ነው። ግማሽ ዕድሜው 5,730 ዓመት ስለሆነ በተለመደው መንገድ እ.ኤ.አ. 1935ን ከ1965 ለመለየት አይረዳም። ነገር ግን የሰው ልጅ ባላሰበው መንገድ አዲስ ሰዓት ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በከባቢ አየር ውስጥ የተደረጉት የኑክሊየር ቦምብ ሙከራዎች የካርቦን-14ን መጠን በ1963 አካባቢ በሰሜኑ የምድር ንፍቀ ክበብ ወደ እጥፍ አስጠጉት። በዚያ ዘመን የበቀለ ሣር ይህን ካርቦን ወሰደ፤ ሣሩን የበላው ከብትም በቆዳው ውስጥ አኖረው። ስለዚህ የቆቡ ቆዳ ይህ ትርፍ ካለው፣ ከብቱ ከአርበኞች ዘመን በኋላ የኖረ ነው። ለምርመራው ጥቂት ሚሊ ግራም ቆዳ ይበቃል።

ይህም ሰዓት መቆሚያው ደርሷል። የሙከራው ካርቦን ወደ ውቅያኖስና ወደ ዕፅዋት በመግባቱ፣ ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ የሚወጣውም ካርቦን ጨርሶ ካርቦን-14 የሌለው በመሆኑ፣ የዛሬው አየር ከሙከራው በፊት ወደነበረው መጠን ተመልሷል ለማለት ተቃርቧል። በመሆኑም በቅርብ ዓመታት የታረደ ከብት ቆዳ በ1928 ዓ.ም. ከታረደው ጋር ሊምታታ ይችላል።

አንድ ምርመራ ለምን አይበቃም?

እስካሁን ካየናቸው ምርመራዎች መካከል ብቻውን «ይህ እውነተኛ ነው» የሚል አንድም የለም። ሩታይል ማግኘት ቀለሙን ይጥለዋል፤ ሩታይል አለማግኘት ግን ቀለሙን አያጸድቀውም። ሳይንስ ሐሰቱን ሊያጋልጥ ይችላል። ስለ እውነቱ የሚለው «እስካሁን ልጥለው አልቻልኩም» የሚል ነው።

ታዲያ እምነታችን እንዴት ያድጋል? በምሳሌ እንየው። ከ100 ቆቦች 20ው እውነተኛ፣ 80ው ሐሰተኛ ናቸው እንበል። አንድ ምርመራ እውነተኞቹን ሁሉ ቢያሳልፍና ከሐሰተኞቹ ሩቡን ብቻ ቢያሳልፍ፣ 20 እውነተኛና 20 ሐሰተኛ ያልፋሉ። ማለፍ ገና የሳንቲም ዕጣ ነው። ሌላ ዓይነት፣ ከመጀመሪያው ጋር ግንኙነት የሌለው ምርመራ ብንጨምር 20 እውነተኛና 5 ሐሰተኛ ይቀራሉ፤ እምነታችን ወደ 80 በመቶ ያድጋል። ሦስተኛ ብንጨምር 20 እውነተኛና 1 ገደማ ሐሰተኛ ቀርተው ወደ 95 በመቶ ይደርሳል። አንዱን ምርመራ ሦስት ጊዜ መደጋገም ግን ይህን አያስገኝም፤ ያታለለው ቆብ ሦስት ጊዜም ያታልለዋል።

በምሳሌው ውስጥ መነሻው ቁጥር፣ ማለትም 20 ከ100 የሚለው፣ ከፊዚክስ አልመጣም። ከታሪክ ነው የሚመጣው። አንድ ሰው «ከይፋት ማሳ የወጣ የጀርመን ወታደር ቆብ» ቢያመጣ፣ የጀርመን ጦር ኢትዮጵያን አለመውረሩን እናስታውሳለን። በምሥራቅ አፍሪካ በኢጣልያ ጦር ሥር የተሰለፉት ጀርመናውያን እ.ኤ.አ. በ1940 የተደራጁ፣ ከመርከበኞች የተውጣጡ ጥቂቶች ነበሩ። ስለዚህ ብረቱ ሁሉንም ምርመራ ቢያልፍ እንኳ «ከይፋት» የሚለው ቃል ገና አልተፈተነም። በአንጻሩ በኢጣልያ ወረራ ዋዜማ ከጀርመን የተገዙ ሞዘር ጠመንጃዎች ኢትዮጵያ ገብተዋልና የጀርመን ማኅተም ያለበት ቀለህ መገኘት አያስገርምም። የአንድ ዕቃ እንግዳነት የሚለካው በቦታው ታሪክ ነው።

የዘረት ዋሻ ትምህርት

ቦታ ያለው ዋጋ ጎልቶ የታየበትን አንድ ጉዳይ እናንሣ። ከይፋት ቆላ በስተምዕራብ ባሉት ደጋዎች፣ በዘረት፣ «አመጸኛ ዋሻ» የተባለ ስፍራ አለ። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በዚህ ዋሻ የተሸሸጉትን አርበኞችና አብረዋቸው የነበሩትን ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን በመርዝ ጋዝ አጠቃ፤ ከዋሻው ከወጡትም ብዙዎቹ ተረሸኑ። ኢጣልያዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የወታደራዊ መዛግብትን ፍንጭ ተከትሎ ጉዳዩን ለዓለም አሳወቀ። አልፍሬዶ ጎንዛሌዝ-ሩይባል፣ ዮናታን ሳህለና ባልደረባቸውም ስፍራውን በአርኪዮሎጂ ዘዴ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2011 ጥናታቸውን አሳተሙ።

በዋሻው ውስጥ ከተመዘገቡት ቅሪቶች መካከል የሰው አጽም፣ የቤት ዕቃና ቀለሆች ይገኛሉ። ቀለህ ለአጥኚ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ብዙዎቹ በመቀመጫቸው ላይ የፋብሪካው ምልክትና የተሠሩበት ዓመት ተመትቶባቸዋል። ነገር ግን የዚያ ቀለህ መሰል በማንኛውም ሱቅ ሊገኝ ይችላል። ዋሻው ውስጥ የተገኘውን ማስረጃ የሚያደርገው ከአጽሙ፣ ከዕቃውና ከዋሻው አፍ ጋር ያለው ርቀትና አቀማመጥ ነው። ከዚያ ተነሥቶ በከረጢት ቢሸጥ ያው ናስ ነው፤ ስለ ተጨፈጨፉት ሰዎች ግን አንድ ቃል አይናገርም።

እዚህ ላይ የጽሑፋችን ፍሬ ነገር ይመጣል። ፊዚክስ አንድ ቁስ መቼ እንደተሠራና ምን እንደደረሰበት ሊነግረን ይችላል። በማን ራስ ላይ እንደነበረና የት እንደወደቀ የሚነግረን ግን የተገኘበት ቦታ ብቻ ነው። ይህ መረጃ ዕቃው ከአፈር በሚነሣበት ሰዓት ካልተመዘገበ፣ በኋላ በየትኛውም መሣሪያ አይመለስም። ስለዚህ በቅርስ ምርመራ ውስጥ ወሳኙ ባለሙያ ማሾውን ሲኮተኩት ብረት የመታው የቀወት ገበሬ፣ ወይም ከብት ሲጠብቅ ያየው እረኛ ነው።

ምን እናድርግ?

አንደኛውና ከሁሉ የሚቀድመው ሕይወት ነው። ያልፈነዳ ጥይት፣ ቦምብ ወይም የመድፍ አረር የሚመስል ነገር ያየ ሰው አይንካው፤ ቦታውን ምልክት አድርጎ ርቆ ለፖሊስ ያሳውቅ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነት እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ ደርሶ እንደነበር አንዘንጋ። የአያቶች ዘመን ብረትና የቅርቡ ዘመን ብረት በአንድ አፈር ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ፤ ሁለቱም ይገድላሉ።

ሁለተኛው፣ ምንም ጉዳት የሌለውን ዕቃ አለማጽዳት ነው። በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ፣ በአሸዋና በሎሚ ማሸት፣ በሞተር ዘይት ማወልወል፣ እንደገና መቀባት፣ ገበሩን ማጠብ፣ እነዚህ ሁሉ ከላይ የዘረዘርናቸውን ምስክሮች አንድ በአንድ ይገድላሉ። ዝገቱ ንብርብሩን፣ ቀለሙ ክሪስታሉን፣ ክሩ ጨለማነቱን ያጣል። ያንን ቆብ ውኃ ውስጥ ማጥለቅ የለብንም ያልነውም ለዚሁ ነው።

ሦስተኛው፣ መመዝገብ ነው። የእጅ ስልክ ያለው ተማሪ ዕቃውን ሳያነሣ ፎቶግራፍ ያንሣ፤ ለመጠን ማነጻጸሪያ እስክሪብቶ ከጎኑ ያኑር። የቦታውን አቀማመጥ፣ ቀኑን፣ ጥልቀቱንና ከአጠገቡ የነበረውን ሁሉ ይጻፍ። አንድ እፍኝ አፈር በንጹሕ ላስቲክ ይያዝ። የአካባቢው ሽማግሌዎች ስለ ቦታው የሚሉትንም በራሳቸው አነጋገር ይመዝግብ።

አራተኛው፣ ለሚመለከተው ማስረከብ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ሳይዘገይ እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ድረስ ጠብቆ እንዲያቆይ ደንግጓል። በወረዳው ያለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የመጀመሪያው በር ነው። ዕቃውን ለቁራሌው በኪሎ መሸጥ ወይም ለቅርስ ነጋዴ አሳልፎ መስጠት ጥቂት ብር ያስገኝ ይሆናል፤ የሚጠፋው ግን የአንድ አርበኛ የመጨረሻ ውሎ ሊሆን ይችላል።

ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግሞ እዚህ ውስጥ ብዙ ያልተሠራ ሥራ አለ። ዕድሜያቸው የሚታወቅ ብረታ ብረቶች፣ ለምሳሌ ዓመተ ምሕረት የተጻፈባቸው የድልድይና የሕንፃ ብረቶች፣ በደጋውና በቆላው እንዴት እንደዛጉ ቢለካ፣ ለይፋትና ለመንዝ የዝገት መለኪያ ሰንጠረዥ ማዘጋጀት ይቻላል። ለመጀመር የሚያስፈልገው ካሊፐር፣ ሚዛን፣ አጉሊ መነጽርና ማስታወሻ ደብተር ነው፤ የተራቀቁት መሣሪያዎች ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይህ የሚሆነው ግን ምስክሩ ሳይታጠብና ሳይሸጥ እስኪነጋ ድረስ ከቆየ ነው።